ድምፅ አውጥቼ የማነበው

ሰሞኑን ሁለት መጽሐፍ ይዣለሁ። አንዱን ማታ ማታ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሌላውን እሱ ከተኛ በኋላ ለብቻዬ፣ ዝም ብዬ አነባለሁ። «ምን እያነበብሽ ነው?» ስትሉኝ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብነግራችሁ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል፤ እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀምረዋልና።

ለአባዬ የማነብለት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ለእኔ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ እሱ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ከተወ ቆይቷል። ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት መጀመሪያ ጋዜጣ ተወ፣ ቀጥሎ መዝገበ ቃላቱን፣ በመጨረሻም በትልልቅ ፊደል የታተሙትን ሳይቀር። ከዚያ ለብዙ ወራት የመጽሐፍ ነገር አይነሳም ነበር። እኔም እንዳይከፋው ብዬ ፊቱ መጽሐፍ መግለጥ ትቼ ነበር። አንድ ማታ ግን መደርደሪያው ጋ ቆሞ የመጻሕፍቱን ጀርባ በጣቱ ሲዳስስ አገኘሁት። አንዱን በውፍረቱ ለየና አውጥቶ «እስኪ አንድ ገጽ አንብቢልኝ» አለኝ። አንድ ገጽ የተባለው አሥራ አራት ሆነ።

ይህን ልብ ወለድ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን ያን ጊዜ በዓይኔ አለፍኩበት እንጂ ያነበብኩት አይመስለኝም። ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይወስን የሚያልፈው ነገር ብዙ ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ይመታል» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አንድ ነው፤ ዓይኔ አይቶት ያልፋል፣ ትርጉሙን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ያመጣልኛል። ጮክ ብዬ ሳነብ ግን አፌ «መ» ላይ ሲደርስ መምረጥ አለብኝ። ካላላሁት ሰውየው መቺ ነው፤ ካጠበቅሁት ተመቺ። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሳይታየኝ ከመረጥኩ ደግሞ ዱላው ያለ ቦታው ያርፋል። አባዬ ወዲያው እጁን ያነሳል። «ተመልሰሽ አንብቢው» ይላል፣ ድምፁን ሳይጨምር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ነገር ያሳስባቸው ነበር። በዚህ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ሌላ እንዲህ የሚያደርግ ደራሲ እምብዛም አይገኝም። በመጀመሪያው ንባቤ ነጥቦቹን ልብ ብዬ አላየኋቸውም። በሁለተኛው አየኋቸው፣ ግን ምን እንደሚሠሩልኝ አልገባኝም። አሁን ነው የገባኝ። አንድ ሰው ከ500 ገጽ በላይ ሲጽፍ ያቺን ነጥብ እየጨመረ መሄዱ፣ አንድ ቀን ይህን ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ የሚያነብ ይኖራል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ማታ ማታ ነጥቧ ከመሳሳት ስታድነኝ እንደ ሰላምታ እቀበላታለሁ።

በድምፅ ሲነበብ ከሁሉም በላይ የተለወጠብኝ ጉዱ ካሣ ነው። ዝም ብዬ ሳነበው ንግግሮቹ ይረዝሙብኝ ነበር። ደራሲው ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ስለ ልማድና ስለ ፍርድ የሚያስበውን በእሱ አፍ የሚያሰማ ይመስለኝና ቶሎ ቶሎ እገልጥ ነበር። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን መዝለል አይችልም። ትንፋሽ እየወሰድኩ፣ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ሳልለቅ ስሄድ፣ ንግግሩ የረዘመበት ምክንያት ተሰማኝ። ካሣ ዳምጤ የሚሰማው ሰው ያጣ ሰው ነው። አንድ ጆሮ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወርደዋል። መጀመሪያ ላይ እብድ የሚሉትን ሰው ላስመስል ብዬ ድምፄን ቀጠን አደረግሁት። አባዬ አስቆመኝና «እሱን እንደ እብድ አታንብቢው፤ እብድ ያሉት እነሱ ናቸው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ካሣን በገዛ ድምፄ ነው የማነበው።

ሌላም አለ። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምራት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ላይ ተጎንብሶ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየሰማ ነው ነገሩ ሁሉ የሚመጣው። እዚያ ክፍል ስንደርስ አባዬ በወንበሩ ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ነበር። እኔም ወደ መብራቱ። በዚያ ማታ ክርክርም እርማትም አልነበረም። (መጨረሻውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ምንም አልነግራችሁም፤ ማንም እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ።)

ብዙ ጓደኞቼ «የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ አለ አይደል፣ ለምን እሱን አትከፍቺለትም?» ይሉኛል። ትረካውን አባዬ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰምቶታል፤ አንዳንዱን ገጸ ባሕርይ አሁንም በዚያ ድምፅ ነው የሚያስበው። ፊታውራሪን ሳነብ ፊቱ ላይ አየዋለሁ፣ እኔን አይደለም የሚሰማው። አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅሁት። «እሱን ሰምቼዋለሁ፣ እግዜር ነፍሱን ይማረው። እሱ ግን ቆይ ብለው አይቆምልኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ በአንድ ማታ አምስት ስድስት ጊዜ እንቆማለን። አንድ ቃል ላይ እንከራከራለን፣ እሱ ድሮ የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል፣ እኔ ውኃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

ለብቻዬ የማነበው ሁለተኛው መጽሐፍ የአልቤርቶ ማንጉኤል «የንባብ ታሪክ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ። ከአባዬ ጋር ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ይዤው ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ጥሩ መጽሐፍ አንብቤው አልፍ ነበር። አሁን ግን በየገጹ ቤታችንን አገኛለሁ። ማንጉኤል አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ በአርጀንቲና ዋና ከተማ ቡዌኖስ አይረስ ውስጥ መጻሕፍት መሸጫ ይሠራ ነበር። እዚያ ከሚመጡት ደንበኞች አንዱ ደራሲው ሆርሔ ሉዊስ ቦርሔስ ነው፤ ዓይኑ ጠፍቶ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዋና ኃላፊ ሆኖ። ልጁን ማታ ማታ እየመጣ እንዲያነብለት ጠየቀው። ማንጉኤል ወደ አራት ዓመት ገደማ አነበበለት። ቦርሔስ እያስቆመው ስለ ሰማው ዓረፍተ ነገር ያወራል፣ ይተነትናል፣ ልጁም ይሰማል። አንባቢው ማን እንደሆነ፣ አድማጩ ማን እንደሆነ ይምታታል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ያ ልጅ አድጎ እሱም የዚያው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ነበር።

ጠዋት ለአባዬ ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ያስነብበው ነበር?» የኪፕሊንግንና የስቲቨንሰንን ታሪኮች እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ድሮ ያነበባቸውን ነዋ» አለ። እኔ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ዓይኑ የጠፋበት ሰው አዲስ መጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚናፍቀው፤ ያወቀውን ገጽ እንደገና ማግኘት ይፈልጋል።

ከዚያው መጽሐፍ የኩባ ሲጋራ ጠቅላዮች ታሪክም አለ። እጃቸው ትምባሆ ሲጠቀልል ጆሯቸው ሥራ ፈት ነውና፣ ከየደሞዛቸው አዋጥተው የሚያነብላቸው ሰው ይቀጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ገዢው ይህን ከለከለ፤ ተሰብስቦ መስማት ያስፈራው ነበር። የሠራተኞቹ ተወዳጅ መጽሐፍ የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶ መስፍን» ስለነበር፣ ስሙን ለሲጋራ እንዲያውሱን ብለው ደራሲውን በደብዳቤ ጠየቁት፤ እሱም ፈቀደ። ሞንቴ ክሪስቶ የሚባል ሲጋራ ዛሬም አለ። አባዬ ይህን ሁለት ጊዜ አስነግሮኛል።

ማንጉኤል ዝም ብሎ ስለማንበብም ይተርካል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ ሚላን ከተማ ጳጳሱን አምብሮስዮስን ሲያነብ አይቶት፣ ዓይኑ በገጹ ላይ ሲሄድ ድምፁና ምላሱ ግን ዐርፈው መገኘታቸው ደንቆት በኑዛዜው ጽፎታል። ምናልባት ቶሎ የሚጎረንነውን ድምፁን ሊያሳርፍ ይሆናል ብሎም ይገምታል። ለእኔ ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጉሮሮዬ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

በመካከል አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ሞክረን ነበር፤ ስሙን ልተወው። በዓይን ሲነበብ ልብ ይሰቅላል። በድምፅ ግን ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይናገራሉ፤ «አለ» እና «አለች» ካልጨመርኩ አባዬ ማን እንደተናገረ አያውቅም። በሦስተኛው ማታ ተውነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የምመርጠው የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅ አውጥቼ አንብቤ ነው። ትንፋሼ ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከሄደ፣ ሰዎቹ በአነጋገራቸው ከተለዩ፣ እንይዘዋለን።

ስለዚህ እናንተን የምጠይቀው ምን እያነበባችሁ እንደሆነ ብቻ አይደለም። ከያዛችሁት መጽሐፍ አንዷን አንቀጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና እንዴት እንደተሰማ ጻፉልኝ። አጫጭር ታሪኮች ቢሆኑ ደስ ይለኛል፣ ግን ግድ የለም። ቀጣዩን መምረጥ አለብኝ፤ ከመቶ ያነሰ ገጽ ነው የቀረን።

እሱንም ቢሆን አባዬ እየጎተተው ነው። ዕልባቱን የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ ሳቆም እጁን ይዘረጋል፣ የቀረውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ ውፍረቱን ይለካል፣ ከዚያ ክሩን አስገብቶ ይዘጋዋል። በፊት አሥራ አራት ገጽ እናነብ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስድስት ላይ «ይበቃል፣ ድምፅሽ ደክሟል» ማለት ጀመረ። ትናንት ድምፄ አልደከመም ነበር፤ አራት ላይ አቆምን።