አሮጌዋን የጓሮ ትራክተር እንዴት አስነሣኋት

ቨርጂኒያ ውስጥ ሣር ፋታ አይሰጥም። ሚያዝያ ላይ ይነሣና እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ እጨዱኝ ይላል። የኛ ግቢ አንድ ኤከር ይጠጋል። በእጅ የሚገፋው ማጨጃ ቅዳሜዬን ሙሉ ሲበላብኝ ተቀምጠው የሚነዱትን ዓይነት ልግዛ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁ። አዲሶቹ ከ2,000 ዶላር በላይ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሥራቸውን ሳየው ደግሞ ልቤ እምቢ አለ። ላሜራው ስስ ነው። የብዙዎቹ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ ሲበላሽ ይጣላል እንጂ አይከፈትም።

ስለዚህ አሮጌ ፈለግሁ። ያገኘኋት ዊል ሆርስ ሲ-120 ትባላለች፤ የ1970ዎቹ ሥሪት ናት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ዊል ሆርስ ኢንዲያና ውስጥ፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ በ1946 የተጀመረ ፋብሪካ ነው። በ1986 ቶሮ የተባለው ኩባንያ ጠቀለለው። ሞተሯ ኮህለር ኬ-301 ነው፤ አንድ ፒስተን፣ 12 የፈረስ ጉልበት፣ ብሎኩ አልሙኒየም ሳይሆን ድፍን ብረት። የሸጡልኝ ሽማግሌ «ድሮ ትነሣ ነበር» አሉኝ። ሌላ ዋስትና አልጠየቅሁም፤ በጥቂት መቶ ዶላር ምን ዋስትና አለ?

የባለቤቴ አጎት አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ፎቶዋን ልኬላቸው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?»

«ስማ ልጄ፣ መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ቤንዚን፣ ቀጥሎ ትንፋሽ። አሮጌ ሞተር ከዚህ ሌላ ጣጣ የለውም። ደግሞ ሳትለካ ዕቃ እንዳትገዛ! በግምት ዕቃ እየቀያየረ ሶማሌ ተራ ላይ ገንዘቡን የጨረሰ ስንት ሰው አውቃለሁ።»

ሥራውን ሁሉ የመራችው ይቺ የመጨረሻዋ ምክር ናት።

ከሦስቱም በፊት ግን ዘይት አለ። ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕም ፊልትሮም የለውም። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ (ከሚዞረው ዋና ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ቢዬላው፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ምላስ አለችው፤ በዞረ ቁጥር ከሥር ያለውን ዘይት እንደ ጭልፋ እየቀዳች ትረጨዋለች። በቃ፣ ቅባቱ ይኸው ነው። ቢዬላው ራሱ አልሙኒየም ነው፤ በመሐል ብሮንዚና (የሚቀየር ልባስ) ሳይኖር በቀጥታ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይዞራል። ዘይት ሲጎድል መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው፤ ሲሰበር ደግሞ ብሎኩን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የዘይት ዘንጉን ሳላይ ቁልፍ አላዞርም። የሚይዘው ሁለት ኳርት ያህል ነው፤ ወደ 1.9 ሊትር። ለበጋ ውፍረቱ ኤስ.ኤ.ኢ. 30 የሆነ ዘይት ይስማማዋል፤ በየ25 የሥራ ሰዓቱ ይቀየራል።

አሮጌውን ዘይት ስታፈስሱ በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ሰው ማግኔት ይከትበታል፤ ማግኔት ግን አልሙኒየም አይይዝም፣ የምትፈሩት ደግሞ የቢዬላውን ብናኝ ነው። ጨርቁን ፀሐይ ላይ አዘንብላችሁ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካለ እዩ። የኔ ጥቁር ነበር፣ ግን አይብለጨለጭም። እዚያ ላይ ነው ልቤ የረጋው።

ቀጥሎ ሞተሩን የሸፈነውን ላሜራ ፈታሁት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ነፋሱ በዚያ ላሜራ ሥር አልፎ ነው የብረቱን ክንፎች የሚያበርደው። የኔዋ ሥር አይጥ ቤት ሠርታ ነበር። የመቀመጫው ስፖንጅ ተቦጫጭቆ፣ ደረቅ ሣር፣ የለውዝ ቅርፊት፣ የተበላ ሽቦ፤ ግማሹ ክንፍ ተደፍኗል። እንዲሁ አስነሥቼ ሣር ላይ ባወጣት ኖሮ ሞተሩ በራሱ ሙቀት ነበር የሚያልቀው። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ ላሜራውን ፈትቼ አያለሁ። እዚህ አገር አይጥ ጋራዥ ይወዳል።

ወደ መብራቱ (ወደ ኤሌክትሪኩ) ስንመጣ፣ ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብቻ ትላለች። ይህን ጊዜ ነው ሰው ሮጦ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚያዝዘው። ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ በቴስተር ለካሁት፤ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብሎክ ላይ አድርጌ ባለቤቴ ቁልፉን አዞረችልኝ። እዚህ መሐል ከግማሽ ቮልት በታች ነው መታየት ያለበት። ከ2 ቮልት በላይ አሳየኝ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ኃይሉን መንገድ ላይ የሚበላው ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የግራውንድ ገመድ ነው እንጂ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። ቡሎኑን ስፈታው ከላይ ንጹሕ ይመስል የነበረው ከሥሩ ቀለምና ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግሁት፣ አዲስ ገመድ አሰርኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁት። ሞተሪኖው ወዲያው ዞረ። አሮጌ ትራክተር ላይ የመብራት ችግር ካለ ግማሹን ጊዜ ግራውንድ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

አሁን እሳቱ። እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ አውጥቼ ብሎኩን አስነክቼ ሳዞር እሳት የለም። እነዚህ ሞተሮች ኤሌክትሮኒክ ነገር የላቸውም። እሳቱን የሚቆርጡት ኮንታክት ፖይንት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ነጠብጣብ ብረቶች ናቸው፤ አንዲት ቀጭን ዘንግ እየገፋቻቸው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ደግነቱ ኬ-301 ላይ የተቀመጡት ሞተሩ ውጭ ነው። ክዳኗን አንሥቶ ማየት ይቻላል። ለብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ላይ ብረቶቹ ይደበዝዛሉ፤ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይይዛቸዋል፣ ኮረንቲ አያሳልፉም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ ተዘግተው ሳሉ ለካኋቸው፤ ምንም አያሳልፉም። የቢዝነስ ካርድ በብሬክ ማጽጃ ነክሬ መሐላቸው ሳብ ሳብ አደረግሁት። ካርዱ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። እንደገና ስለካ ይሠራሉ። ከዚያ ክፍተታቸውን በስስ የብረት መለኪያ 0.020 ኢንች አደረግሁት፤ ግማሽ ሚሊሜትር መሆኑ ነው። እዚህ ሞተር ላይ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚፈነጥቅበት ቅጽበት) የሚስተካከለው በዚሁ ክፍተት ስለሆነ «ያህላል» ተብሎ አይታለፍም። የካንዴላው ክፍተት 0.035 ኢንች ነው። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ አለ።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር እንደጠበቅሁት ነው። እዚህ ያለው ተራ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል። ቤንዚኑ ታንክ ውስጥ ከከረመ ያረጃል፣ ሽታው እንደ ቀለም ይሆናል፣ ካርቡራቶሩ ሥር ቡናማ ሙጫ ይተዋል። ታንኩን አፈሰስኩ፣ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርኩ፤ ርካሽ ናቸው፣ አሮጌ ቱቦ ማጽዳት አያዋጣም። ካርቡራቶሩን ፈትቼ ላስቲኩን ሁሉ ካወጣሁ በኋላ ማጽጃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ቀዳዳዎቹን በስስ የመዳብ ሽቦ ነካ ነካ ነው፤ ብረት ወይም መሰርሰሪያ ከገባባቸው ይሰፋሉ፣ ከዚያ በኋላ አይስተካከሉም። ላይኛውን የቤንዚን ማስተካከያ ስትመልሱ ደግሞ እስኪነካ ብቻ ዝጉት። ጫፉ መርፌ ነው፤ ከጠበቀ ይበላል። ከዚያ ሁለት ዙር ያህል ከፍታችሁ ጀምሩ፣ ቀሪው ሞተሩ ሲሞቅ በጆሮ ይስተካከላል።

«ትንፋሽ»ን፣ ማለትም ኮምፕሬሽንን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ኃይል)፣ በተመለከተ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ሰክቼ ሳዞራት የወጣው ቁጥር አሳፋሪ ነው። ጋሼ ቢያዩት «አልቃለች» ይሉ ነበር። ግን እነዚህ ኮህለሮች ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍታቸው ላይ ትንሽ ዘዴ አላቸው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቫልቭ ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሞተሪኖው እንዲቀለው። ፍጥነት ሲይዝ ይለቀዋል። ስለዚህ በሞተሪኖ እየዞረ የሚለካ ኮምፕሬሽን እዚህ ዋጋ የለውም። የሚያዋጣው አየር ሞልቶ የት እንደሚያፈስ መስማት ነው፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሳለ፣ ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቶ። ከማርሚታው ሲጢጢ ካለ ቫልቭ ነው፣ በዘይት መሙያው ከመጣ ደግሞ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ይህን ሳያውቅ ደህና ሞተር ፈትቶ የበተነ ሰው ብዙ ነው። ለጋሼ ሳስረዳቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ፈረንጅ ተንኮለኛ ነው» አሉኝና ሳቅን።

ቾኩን ስቤ ቁልፉን አዞርኩ። ትንሽ ተንተባተበች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ያዘች። በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ትራክተሯ ደጅ ወጥታ ነው ያደረግሁት። የጋራዥ ጭስ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል።

ከሞተሩ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። የካምቢዮ ዘይቷን ሳፈስስ ወተት መስሎ ወጣ። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ዊል ሆርስ ላይ የማርሹ እጀታ ሥር ያለችው ላስቲክ ስትሰነጠቅ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይገባል። ላስቲኳን ቀይሬ፣ ውስጡን በናፍጣ አጥቤ፣ በ90 የማርሽ ዘይት ሞላሁት። ግራሶ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ሞላሁ። ከሆዷ ሥር ያለውን ማጨጃ አውርጄ ስለቶቹን ሳልኩ፤ ከተሳሉ በኋላ መሐላቸውን ሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ጎን ካዘነበለ ንዝረቱ ስለቱ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላል። ስለት የምትነኩ ከሆነ አስቀድማችሁ የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉ። ክሪክ ላይ ያለች ትራክተር ሥርም እጅ አይገባም፤ ከሥሯ ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። ወንበሩ ሥር ያለችውን ማጥፊያ አንዳንዱ ሽቦ አገናኝቶ ያልፋታል። እኔ አልነካትም። ሰው ከወደቀ ስለቱን የምታቆመው እሷ ናት።

አሁን ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን ነው የምቀዳው፤ ይወደዳል፣ ግን ካርቡራቶር ማጠብ ቀርቶልኛል። ኅዳር ላይ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን እስክትጨርስ አስነሣታለሁ። ባትሪዋ ክረምቱን ትንሽ ቻርጀር ላይ ይውላል፤ በረዶ ከመጣ ፊቷ ላይ የበረዶ መግፊያ አስሬ የጎረቤቶቼንም መንገድ እጠርጋለሁ። ዕቃ ሳዝዝ ሞተሩ ላይ የተጻፉትን ሞዴል፣ ስፔክ እና መለያ ቁጥሮች እሰጣለሁ። «ኬ-301» ብቻ ማለት አይበቃም፤ አንዱ ሞዴል ብዙ ዓይነት አለው።

እናንተም አሮጌ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሄዳችሁ ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቅዛ ስትነሣ የምታስቸግር ልትሆን ትችላለች፤ እስክትቀዘቅዝ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ማርሹን ሁሉ አስገብታችሁ ንዱት። የዘይት ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ካርቡራቶሩ ወደ ውስጥ ያፈስሳል። ማጨጃው አብሮ ከሌለ ደግሞ ዋጋውን በደንብ አስቀንሱ፤ ለብቻው ፈልጎ መግዛት አንዳንዴ የትራክተሯን ያህል ያስወጣል።