የእማዬ ዲቪዲ ማጫወቻ አልተበላሸም ነበር

ይሄን የምጽፈው ምነው አንድ ሰው ቀድሞ በነገረኝ ብዬ ነው። የእህቴን ሰርግ የቀረጹት ልጆች የሰጡን ዲስክ ላፕቶፕ ላይ ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ እማዬ ቤት ያለው የድሮ ማጫወቻ ላይ ግን ትንሽ ይሽከረከርና "ኖ ዲስክ" ብሎ ቁጭ።

ቀራጮቹ ጋ ስደውል "እኛ ጋ ይሰራል፣ ማሽናችሁ ነው" አሉ። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሰውዬው ክዳኑን እንኳን ሳይፈታ "ሌንሱ አልቋል፣ ይቀየር" አለኝ። ቆይ እስቲ ብዬ ኦሪጅናል የመዝሙር ዲቪዲ ከተትኩለት፣ ምንም ሳይል አጫወተ! ታዲያ ያለቀ ሌንስ ይሄን በምን አነበበው ስለው "እሱማ ኦሪጅናል ነው" ብሎ ዝም፣ ቀብዱን ግን አልረሳም።

ኋላ ዲስኩን ሳየው ለካ አርደብሊው (RW) ነው፣ እየተሰረዘ ደግሞ የሚጻፍበት። ፋብሪካ የታተመ ባለ አንድ ንብርብር (መረጃው ያለበት ንጣፍ) ዲቪዲ ከሌዘሩ ብርሃን ቢያንስ 45 በመቶውን ይመልሳል፣ አርደብሊው ግን ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ። ባለ ሁለት ንብርብር ፊልምም የሚመልሰው እንደዚሁ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ የድሮ ማጫወቻ አርደብሊው ሲገባለት ባለ ሁለት ንብርብር ይመስለውና የሌለ ንብርብር ሲፈልግ ይከርማል። ሌዘሩ ሲደክም ደግሞ ይብስበታል፣ ማለት ሰውዬው ግማሹን እውነቱን ነው፣ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ቪዲዮውን ማይነስ አር (DVD-R፣ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት) ዲስክ ላይ ራይት አደረግኩት፣ ፋይናላይዝ አደረግኩት (ሌላ ማሽን እንዲያነበው ዲስኩን መዝጋት ነው)፣ ሰራ። በቃ።

ፕላስ አር (DVD+R፣ ሌላኛው አንዴ የሚጻፍበት ዓይነት) የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተሰራ ማሽን ማይነስ አር ይሻላል። ፕላስ ብቻ ካላችሁ ራይተራችሁ ከፈቀደ ቡክ ታይፑን (የዲስኩን ዓይነት ለማሽኑ የሚናገረውን ምልክት) ወደ ዲቪዲ ሮም ቀይሩት፣ ማሽኑ የታተመ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ በራሱ የሚመርጠውን ትልቁን ፍጥነት ተዉት፣ 4x ወይም 8x ይበቃል፤ 1x ላይ አድርጉ የሚሏችሁንም አትስሙ፣ የአሁን ዲስኮች ለዚያ አልተሰሩም። ኤምፒ4 ፋይል ዝም ብሎ መገልበጥ አይሰራም፣ በዲቪዲ ቪዲዮ መልክ መሰራት አለበት። የሙሽሮቹን ፎቶ ስቲከር አሰርታችሁ ዲስኩ ላይ አትለጥፉ፣ ሚዛኑን ያበላሸዋል።

ቀራጮቹን ለምን አርደብሊው ሰጣችሁን ብዬ ጠየቅኳቸው። "እጃችን ላይ የነበረው እሱ ነው" አሉኝ፣ ለሰርግ ቪዲዮ!