ቁልፍ የሚይዝ ካራቢነርና ሰው የሚይዝ ካራቢነር

ቁልፌን ከቀበቶዬ ጋር የማያያዝበት ካራቢነር (መዝጊያ ያለው የማያያዣ ቀለበት) ለተራራ መውጫ እንደማያገለግል የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጀርባው ላይ ተቀርጾበታል። ገደል ስወጣ የምይዘው ካራቢነር በቅርጹም ሆነ ባለ ሞላ በሆነው መዝጊያው ከእሱ ብዙም አይለይም፤ ጀርባው ላይ ግን 20፣ 7 እና 7 የሚሉ ቁጥሮች ከትናንሽ ሥዕሎች ጋር ይነበባሉ።

ቁጥሮቹ የሚገልጹት ጥንካሬን በኪሎ ኒውተን ነው፤ አንዱ ኪሎ ኒውተን ወደ 102 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ክብደት ጋር ይመጣጠናል። መዝጊያው ተዘግቶ ጭነቱ በቁመቱ ሲያርፍ ካራቢነሩ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ይችላል። መዝጊያው ከተከፈተ ግን ሁለቱ ጎኖች ይካፈሉት የነበረው ጭነት ከመዝጊያው ትይዩ ባለው ጀርባው ላይ ብቻ ስለሚወድቅ፣ አቅሙ ከሲሶው ብዙም ወደማይበልጠው 7 ይወርዳል። ካራቢነሩ ዞሮ በወርዱ ሲጎተትም እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ መከራውን የሚያየው ቀጭኑ የመዝጊያው ማጠፊያ ነው።

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ሁሉ ጥንካሬ የበዛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሚወድቅን ሰው ማስቆም ቆሞ የተንጠለጠለን ሰው ከመያዝ እጅግ የከበደ ነው፤ ከዚህም በላይ ገመዱ በላይኛው ካራቢነር ታጥፎ ስለሚያልፍ፣ የወዳቂውም ከታች ገመዱን የያዘው ጓደኛውም ጉተታ ተደምሮ እዚያው ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የሚሮጠው ገመድ ካራቢነሩን ሲያንቀጠቅጠው ከባድ መዝጊያ በራሱ ክብደት ለአፍታ ሊከፈት ይችላል። ከሽቦ የተሠራው መዝጊያ ቀላል በመሆኑ ይህ ብዙም አያሰጋውም፤ ደካማ ቢመስልም እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ለቁልፍ፣ ለውኃ ኮዳና ለቦርሳ ርካሹ ካራቢነር ይበቃል። የሚያናድደኝ የልጆች ዥዋዥዌ በእሱ ተሰቅሎ ሳይ ነው፤ የሚችለው ጭነት ያልተጻፈበትን ነገር ሰው እንዲሸከም ማድረግ ተገቢ አይደለም።

በተቃራኒው፣ ያረጀ የተራራ ካራቢነር ለቁልፍ ቢውል ምንም ነውር የለበትም። አሸዋ የያዘ ገመድ አሉሚኒየሙን እየፋቀ ቦይ ሲያወጣበትና የቦዩ ጠርዝ ጣትን የሚቧጭር ሲሆን፣ ገመድም ሊቆርጥ ስለሚችል ከሥራ ይወጣል። እኔ እንዲህ ያለውን ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ፤ አለዚያ ጓደኞቼ አንስተው ከደህናዎቹ ጋር ይቀላቅሉታል።