«እማማ» ስል «እባባ» ይወጣል

ባለፈው ማክሰኞ ቁሌት አሳረርኩ። ምድጃው ከኋላዬ ሁለት እርምጃ አይሞላም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ሽንኩርቱ ከሰለ፣ ዘይቱ ጨሰ፣ ሽታው በሩን አልፎ ደረጃውን ሞላው፤ እኔ ምንም። በር ሲንኳኳ ነው የባነንኩት። ከፊት ለፊታችን ያሉት እማማ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ምንድን ነው የሚቃጠለው?» አሉኝ።

«ይቅርታ እማማ» ልል ነበር። የወጣው ግን «ይቅርታ እባባ» ነው። አፍንጫ ሲደፈን «ም» ጭራሽ አትወጣም፤ «ብ» ሆና ታርፋለች። «ጭራሽ እባብ ታደርጊኝ!» ብለው እየሳቁ ገብተው ድስቱን አወረዱልኝ።

የእርግዝናዬን ሰባተኛ ወር ጨርሻለሁ። አፍንጫዬ ከተደፈነ አሥር ሳምንት አልፎታል። የሚገርመኝ ነገር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግሬ የዚህ ተቃራኒ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምድር ቤት የሚቆላውን ቡና አሸት ነበር፤ የባለቤቴን ሳሙና ሁለቴ አስቀይሬዋለሁ፤ ሽቶውንማ ጓደኛው ቤት አስቀምጦት ነው የከረመው። አሁን ቡና በአፍንጫዬ ስር ቢቆላም የሚገባኝ ድምፁ ብቻ ነው። ምግቡም ያው ነው፤ ሽሮ ጨው፣ ምስር ጨው፣ ሁሉም ጨው።

መጀመሪያ አቧራው ነው ብዬ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ነው የምንኖረው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። የሰፈሩ ስም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ በየጠዋቱ ከመስኮቴ ላይ የምጠርገው አቧራ ግን ግራጫ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ገልባጭ መኪኖች ያነሱት አቧራ እስከ ማታ አይረጋም። ስለዚህ መስኮት ዘጋሁ፤ መጋረጃ አጠብኩ። ለውጥ የለም።

እማማ ደግሞ «ምች ነው» አሉ። እሳቸው ዘንድ ምች ያልሆነ በሽታ ጥቂት ነው። ዳማከሴ ጨምቀው አመጡልኝ፤ ግንባሬን ቀቡኝ። በሚቀጥለው ቀን በባልዲ የፈላ ውሃ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምረው፣ ጋቢ አልብሰው አጠኑኝ። እውነቱን ለመናገር እንፋሎቱ ደስ ይላል፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ዓለም ተከፈተችልኝ። ግን ቀና ልል ስል ሆዴ ባልዲውን ገፋው፤ ውሃው እግሬ አጠገብ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ መታጠን ቀረ። ስለ እማማ ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም፤ ቡና ሲያፈሉ ከእኔ ሲኒ ውስጥ ጤና አዳሙን አውጥተው፣ «ይቺ ለእርጉዝ አትሆንም» አሉ። ኋላ ጤና ጣቢያ ስጠይቅ ልክ ናቸው አሉኝ፤ ጤና አዳም ማህፀን ሊያነሳሳ ይችላል።

ኅዳር 12 ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ኅዳር ሲታጠን ነዋ! በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ከተማውን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ በእኛ ብሎኮች መካከል ደግሞ ቆሻሻ ሞልቷል። ፕላስቲኩም፣ የፊኒሺንግ ትርፍራፊውም አብሮ ነደደ። በአፌ ብቻ የምተነፍስ ሰው ስለሆንኩ ጭሱ ቀጥታ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው የገባው። በሽታን ለማባረር የሚጨስ ጭስ እኔን መኝታ ቤት ውስጥ ቆልፎኝ ዋለ።

በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ከመደርደሪያው ኋላ ያለው ልጅ ሆዴን እያየ ስንት ወሬ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም፤ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ሰጠኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ማታ አደረግኩት። በደቂቃዎች ውስጥ ሁለቱም ቀዳዳ ተከፈተ! የባለቤቴን አንገት አሸተትኩ፣ ትራሱን አሸተትኩ፣ ተነስቼ የበርበሬውን ዕቃ ከፍቼ አሸተትኩ። ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ችግሩ የመጣው በሳምንቱ ነው። በቀን ሁለቴ የነበረው አራት፣ አምስት ጊዜ ሆነ። ጠብታው ሲያልቅበት አፍንጫዬ ከበፊቱ ይብስ ይደፈናል። ብልቃጧን ትራሴ ስር ነበር የማሳድራት። ባለቤቴ አንድ ሌሊት አይቶኝ፣ «እሙዬ፣ ይሄ ነገር ሱስ አልሆነም?» ሲለኝ ተቆጣሁት። ሆኖ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የክትትል ቀጠሮዬ ነበር። አዋላጇ ነርስ ወጣት ናት፤ አነጋገሬን ሰምታ ሳልነግራት ነው የገባት። ትኩሳት አለሽ? የለም። ቢጫ ንፍጥ? የለም። ዓይንሽን ያሳክክሻል፣ ያስነጥስሻል? የለም። «እንግዲህ ይሄ የእርግዝናው ነው» አለችኝ። ከአምስት ነፍሰ ጡር አንዷ ገደማ ያጋጥማታል አለች። በእርግዝና የሰውነት ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ድረስ ይጨምራል፤ ሆርሞኑ ደግሞ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ እግር እንደሚያብጠው የአፍንጫ ውስጥ ሥጋም ያብጣል። «የዘጋሽ ንፍጥ አይደለም፣ ያበጠው ሥጋ ነው» ስትለኝ በሶፍት ስቧጥጠው የከረምኩት አፍንጫዬ አሳዘነኝ። ምን የሚናፈጥ ነገር ኖሮ!

ብልቃጧን ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ጠብታ ለማንም ሰው ቢሆን ከ3 እስከ 5 ቀን አያልፍም፤ ሲያልፍ ራሱ አፍንጫን ይዘጋል አለች። ለእርጉዝ ደግሞ ሳይጠየቅ አይወሰድም፤ የሚዋጠው የጉንፋን ክኒንም እንደዚያው። እንዴት እንደማቆም አሳየችኝ፤ መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ መተው፣ እሱ ሲለምድ ሌላውን። ማንኮራፋቴን ስነግራት ደግሞ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ራስ ምታት ጠየቀችኝ፤ ግፊቴን ለካች፤ ማንኮራፋትና የደም ግፊት በእርግዝና አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ነው። 110 በ70። እፎይ።

የጠብታው መተው አሥር ቀን ገደማ ፈጀ፤ ስለ እነዚያ ሌሊቶች ባልጽፍ ይሻለኛል።

አሁን ያለሁት በጨው ውሃ ነው። ውሃውን አፈላለሁ፣ አቀዘቅዘዋለሁ (የጀሪካን ውሃ ሳይፈላ አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ ብላኛለች)፣ ለብ ሲል ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ መታጠቢያው ላይ አጎንብሼ፣ አፌን ከፍቼ፣ በአንዱ አስገብቼ በሌላው አፈሰዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን የሰጠምኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ አያድንም፣ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ይሰጠኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከግንባታ የተረፈ የብሎኬት ቁራጭ አምጥቶ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገው። ቀና ብዬ በግራ ጎኔ ስተኛ እውነትም ይቀላል። ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ እየተንሸራተትኩ ንጋት ላይ እግርጌ መገኘቴ ነው። እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው፤ በእኔ ማንኮራፋት ምክንያት እንደሆነ አይናገርም፤ «ለአንቺ አልጋው ይስፋሽ ብዬ ነው» ይላል።

ከወለድኩ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቀኛል ተብያለሁ። እናቴ ስትደውል «ይሄማ ምኑ በሽታ ነው፣ እኔ አምስት ወልጃለሁ» ትላለች። እኔም በሽታ ነው አላልኩም። እንቅልፍ የለኝም ነው ያልኩት።

ከእንቅልፍ ማጣቱ የተረፈ አንድ ሥራ ግን አግኝቻለሁ። በእኛ ብሎክ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፣ እሱም ሌሊት። ድሮ ጠዋት ተነስተን አልፎናል ብለን እንናደድ ነበር። አሁን እኔ ነቅቼ ነው የማድረው። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተቀምጬ በአፌ ስተነፍስ ከመታጠቢያ ቤት «ፍስስስ» የሚል ሰማሁ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያወጣል፣ ከዚያ ሁለት ሦስቴ ይስላል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ንጹሕ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት፤ ጋቢዬን ደርቤ ወጥቼ የእማማን በር በቀስታ አንኳኳሁ።

«መጣች?» አሉኝ ከውስጥ፣ ገና በሩ ሳይከፈት።

«መጣች፣ እባባ።»

ጀሪካናቸው በሩ ኋላ ተደርድሮ ነበር።