ዉልፍስታን «የተኩላ ድንጋይ» ማለት አይደለም

እምብዛም የማይሰሙ የእንግሊዝ ስሞችን በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያ ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ በግራ በኩል ስሙን እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት የስም ዝርዝሮች ያገኘሁትን ትርጉም በአንድ መስመር አሰፍራለሁ። ከእነዚያ መስመሮች አንዱ «ዉልፍስታን፦ የተኩላ ድንጋይ» ይል ነበር። ያ መስመር ዛሬ በእስክሪብቶ ተሰርዟል፤ የሰረዝኩበትን ምክንያት ማስረዳት የምፈልገው፣ ከዚያ በኋላ ስም የምመረምርበትን መንገድ ሁሉ ስለቀየረው ነው።

ዉልፍስታን በ1008 ገደማ ተወልዶ በ1095 ያረፈ የዉስተር ጳጳስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በጥንታዊው እንግሊዝኛ ‹ዉልፍ› ተኩላ፣ ‹ስታን› ደግሞ ድንጋይ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የጳጳሱ አባት ስም ኤተልስታን፣ የእናቱ ስም ዉልፍጊፉ ነበር። ወላጆቹ ከእናትየው ስም የመጀመሪያውን፣ ከአባትየው ስም የመጨረሻውን ክፍል ወስደው ገጣጠሙትና ልጃቸውን ዉልፍስታን አሉት። ስለ ተኩላም ስለ ድንጋይም ሊነግሩን የፈለጉት ነገር አልነበረም፤ የሁለታችንም ልጅ ነው ማለታቸው ነበር። ይህን ባነበብኩበት ቀን ደብተሬን ከፍቼ ከተሰረዘው መስመር ጎን «የዉልፍጊፉና የኤተልስታን ልጅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ከሰሜን ፈረንሳይ ከመጡት ከኖርማኖች ወረራ በፊት የነበሩት እንግሊዛውያን ለስም የሚያገለግሉ የታወቁ ቃላት ነበሯቸው፤ ‹ኤተል› ክቡር፣ ‹ኤድ› ሀብት ወይም በረከት፣ ‹ዊን› ወዳጅ፣ ‹ሬድ› ምክር፣ ‹ጊፉ› ስጦታ፣ ‹ፍሪት› ሰላም፣ ‹ሂልድ› ጦርነት፣ ‹ትሪት› ብርታት። ከእነዚህ ሁለቱን ሲያጣምሩ ውጤቱ ትርጉም ይስጥ አይስጥ ብዙም አያሳስባቸውም ነበር፤ ለዚህም ነው ቃል በቃል ቢተረጎም «የሰላም ተኩላ» ሊሆን የሚችል ፍሪቱዉልፍን የመሰለ ስም የምናገኘው። ይልቁንም ቤተ ዘመድን የሚያስተሳስረው የስሙ አጀማመር ነበር። ንጉሥ ኤተልዉልፍ ልጆቹን ኤተልባልድ፣ ኤተልበርት፣ ኤተልሬድ ሲላቸው፣ ስሞቹን የሰማ ሁሉ ከየትኛው ቤት እንደሆኑ ያውቅ ነበር። የመጨረሻው ልጅ አልፍሬድ ግን በዚህ አጀማመር አልተሰየመም፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ይበልጥ የምናውቀውም እርሱን ነው።

እንግዲህ እንደ «የተኩላ ድንጋይ» ወይም እንደ «ክቡር ብርታት» ያለው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሐሰት ነው አልልም። የምለው፣ አንድ ስም ከሚነግረን ሁሉ ትንሹ ክፍል ይህ ፍቺ ነው። ለዚህ ከኦድሪ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

ኦድሪ የሚለው ስም የመጣው ኤተልትሪት ከሚለው ጥንታዊ ስም ሲሆን፣ ፍቺውም ያው «ክቡር ብርታት» ነው። ስሙን ያስከበረችው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ የአና ልጅ ናት፤ ሁለት ጊዜ ብትዳርም ድንግልናዋን ጠብቃ ኖረች ይባላል፤ በ673 በኢሊ ገዳም መሥርታ በ679 አረፈች። ታሪኳን የጻፈልን መነኩሴው ቤድ እንደሚለው፣ የሞተችው አንገቷ ላይ በወጣ እባጭ ነበር፤ እርሷም በልጅነቴ አንገቴን በከንቱ ጌጥ ስላስጨነቅሁት የተገባኝ ቅጣት ነው እያለች በደስታ ተቀበለችው። ከዘመናት በኋላ በኢሊ በቅድስቲቱ ስም በሚቆመው ዓመታዊ ገበያ ለአንገት የሚታሰር የሐር ጥልፍ ጥብጣብ ይሸጥ ጀመር፤ ጥብጣቡም «የሴንት ኦድሪ ጥልፍ» ተባለ። ሰዎች ቃሉን በችኮላ ሲሉት ‹ሴንት› ከሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው ‹ት› ከስሙ ጋር ተጣበቀችና ‹ቶድሪ› ሆነ። የጥብጣቡ ጥራት እያደር ሲወርድ ቃሉም አብሮት ወረደ፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ‹ቶድሪ› ማለት ርካሽና ለዓይን ብቻ የሚያብረቀርቅ ነገር ማለት ነው። የአንገት ጌጧን እንደ ኃጢአት ቆጥራ የሞተች ሴት ስም የርካሽ ጌጥ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አዝንላታለሁ፤ ኦድሪ የሚለው ስም ግን ከዚህ ሁሉ አምልጦ ንጹሕና ለጆሮ የሚጥም ሆኖ መቆየቱ ያጽናናኛል።

ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ብርቅ የሆኑት ባንድ ትልቅ ምክንያት ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገዢዎቹ ስሞች፣ ዊልያምና ሮበርት፣ ሪቻርድና ሄንሪ፣ ከቤተ መንግሥት ተነሥተው በጥቂት ትውልድ ውስጥ እስከ ገበሬው ጎጆ ደረሱ፤ የድሮዎቹ ደግሞ የተሸናፊ ስም ሆኑ። ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ በ1100 በእናቷ በኩል ከጥንቱ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘር የምትወለደውን ኤዲትን ሲያገባ፣ ሙሽራይቱ ስሟን ወደ ማቲልዳ ለወጠች። ይህም አልበቃ ብሎ የኖርማን መኳንንት ባልና ሚስቱን ለማሽሟጠጥ «ጎድሪክና ጎድጊፉ» ይሏቸው ነበር። ጎድጊፉ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ማለት ነው፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የተባረከ ስም የባላገር መሳለቂያ ሆኖ ተገኘ። ከጠፉት መካከል የተወሰኑት ወደ ቤተሰብ መጠሪያነት ተዛውረው ተረፉ፤ ጎድሪክ ዛሬ ጉድሪች፣ ጎድዊን ደግሞ ጉድዊን በሚሉት መጠሪያዎች ውስጥ ይኖራል። ኤድዋርድ የሚለውን ስም ከመረሳት ያዳነው ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ነው፤ ከወረራው በፊት የነበረውን ንጉሥ ቅዱስ ኤድዋርድን እጅግ ይወድ ስለነበር በ1239 የተወለደ ልጁን በእርሱ ስም ሰየመ።

በደብተሬ ውስጥ እጅግ የምወዳቸው ከቀን የተወሰዱ ስሞች ናቸው። ቲፈኒ የዘመናችን ፈጠራ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከግሪኩ ቴዎፋንያ፣ ማለትም «የአምላክ መገለጥ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን በኤጲፋንያ በዓል አካባቢ ለሚወለዱ ሴቶች ልጆች ይሰጥ ነበር። ፓስኮ ከፋሲካ የመጣ ነው፤ በተለይ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለው በኮርንዎል ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን ላቭዴይ አለ። ቃሉ እንዳለ ቢተረጎም «የፍቅር ቀን» ይሆናል፤ የስም ዝርዝሮቹም ከዚህ አያልፉም። በእርግጥ ላቭዴይ የተጣሉ ሰዎች ክርክራቸውን ከፍርድ ቤት ውጭ በሸምጋዮች ፊት የሚጨርሱበት የተቀጠረ ቀን ነበር፤ ስለዚህ ትክክለኛው ፍቺ «የእርቅ ቀን» ነው። በዚያን ቀን የተወለደ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት ላቭዴይ ይባል ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ስሙ ለሴቶች ብቻ ሆነና ኮርንዎል ውስጥ ሳይጠፋ ቆየ። ከእነዚህ የእርቅ ቀናት በታሪክ የታወቀው መጋቢት 25 ቀን 1458 ለንደን ውስጥ የተደረገው ነው፤ ሲገዳደሉ የነበሩት ሁለቱ የንጉሣዊው ቤተሰብ ቅርንጫፎች፣ የላንካስተርና የዮርክ ወገኖች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሄዱ፤ የላንካስተር ወገን የሆነችው ንግሥት ማርጋሬትም ከዮርኩ መስፍን ጋር ጎን ለጎን ተራመደች። እርቁ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ብቻ ቆይቶ ፈረሰ። ስሙ ግን ከዚያ እርቅ በፊትም ነበረ፣ ከእርቁ በኋላም ኖረ።

አንዳንድ ስሞች ደግሞ ከስሕተት ይወለዳሉ። ኢሞጅን በሼክስፒር ተውኔት የአንዲት ልዕልት ስም ሆኖ በ1623 ታትሟል፤ ነገር ግን በ1611 ተውኔቱ ሲታይ የነበረ አንድ ተመልካች በማስታወሻው «ኢኖጅን» ብሎ ጽፏታል። ‹ኤን› የተባለችው የላቲን ፊደል በእጅ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ስትመጣ በቀላሉ ‹ኤም› ትመስላለች፤ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ የተሳሳተውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ኢኖጅን «ልጃገረድ» ከሚለው የጌሊክ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ኢሞጅን ግን ከዚያች የፊደል ስሕተት ሌላ ምንም ሥር የለውም።

ስምን በግልጽ ለትርጉሙ ብለው ያወጡት ፒዩሪታኖች፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ልማድ ፈጽማ እንድትጠራ ይሹ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተለይ በሰሴክስና በኬንት አካባቢ የነበሩ ቤተሰቦች የቅዱሳንን ስም ትተው ልጆቻቸውን ምክርና ጸሎት በሆኑ ቃላት ይጠሩ ጀመር። በ1653 የተሰበሰበው ፓርላማ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአባሉ፣ በለንደኑ የቆዳ ነጋዴ በቤርቦን ስም ነው፤ የሰውየው የመጠመቂያ ስም «እግዚአብሔርን አመስግን» የሚል ነበር። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ወደ አሜሪካ ከተጓዙት መሪዎች አንዱ የነበረው ዊልያም ብሩስተር ልጆቹን «ፍርሃት»፣ «ትዕግሥት»፣ «ፍቅር» እና «ትግል» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ፍርሃቱ ፈሪሃ እግዚአብሔር እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። መርከቢቱ በኬፕ ኮድ ወደብ መልሕቅ ጥላ ሳለች የተወለደው ሕፃን ፔሪግሪን ተባለ፤ በላቲን መንገደኛ ማለት ነው።

በፒዩሪታኖችም ሆነ ከእነርሱ በኋላ በተነሡት፣ ኩዌከሮች በተባሉት ሌሎች የክርስትና ወገኖች ዘንድ ለሴት ልጅ ይሰጥ የነበረ ቴሲ የሚባል ስምም አለ። ቃሉ የላቲን ትእዛዝ ነው፤ «ዝም በይ» ማለት ነው። ሴቶች በማኅበር መካከል ዝም ይበሉ የሚለውን የጳውሎስን ቃል በማሰብ ያወጡት ይመስላል። ከስሙ ባለቤቶች አንዷ በ1666 የተወለደችው የለንደኗ ቴሲ ሶውል ናት። የአባቷን ማተሚያ ቤት በ1690ዎቹ መጀመሪያ ተረክባ የኩዌከሮችን መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት አሳተመች፤ በ1749 እስክታርፍም ከዚያ ሥራ አልተለየችም። በ1705 የዘመኗን አታሚዎችና መጻሕፍት ሻጮች እየጠቀሰ ስለ እያንዳንዳቸው የጻፈው ጆን ደንተን ስለ እርሷ ሲናገር፣ ሙያዋን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ራሷም ጥሩ ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም ለኅትመት የብረት ፊደላትን የምትደረድር ባለሙያ እንደነበረች መስክሮላታል። በደብተሬ ውስጥ ከቴሲ ስም ጎን ያለው መስመር «ፊደል ለቃሚ፣ ለንደን» ይላል፤ የላቲኑን ፍቺ ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ አስፍሬዋለሁ።