56ን 07 ብዬ ያረምኩበት ቅዳሜ

እኔ በሙያዬ አካውንታንት ነኝ። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ምን ያህል እንደሚያሳፍረኝ እንዲገባችሁ ነው። ቁጥር እየደመረች እንጀራዋን የምትበላ ሴትዮ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ደብተር ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ ስታሰምር ከርማ፣ በመጨረሻ ማንበብ ያልቻለችው ራሷ ሆና ተገኘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ከሱዳን የመጡ ቤተሰቦች ተከራይተው ይኖራሉ። ብዙ አይደሉም፣ እኛ የምናውቃቸው አምስት ቤት ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የሸሸው የሱዳን ሰው ብዙው ወይ በመተማ ገብቶ ጎንደር በኩል ኩመርና አውላላ ካምፕ፣ ወይ በኩርሙክ ገብቶ አሶሳ በኩል ነው የሰፈረው፣ እነዚህኞቹ እንዴት እንዴት አድርገው እኛ ጋ እንደደረሱ አጥብቀን ጠይቀን አናውቅም። አንዷ እናት ብቻ አንድ ቀን ቡና ላይ "ኩመር" ብላ ጀመረችና ተወችው፣ እኛም ተውነው። በ2016 እነዛ ካምፖች ውስጥ ዝርፊያና ጥቃት በዝቶ ስንቱ ሰው ካምፑን ጥሎ መንገድ ዳር እንደወደቀ የሰማ ሰው አስጨንቆ አይጠይቅም።

ጦርነቱ የተነሳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው፣ ቅዳሜ። ለኛ ቀዳም ስዑር ነበር፣ ለነሱ ደግሞ የረመዳን ማለቂያ። እነሱ በፆም አፋቸው ካርቱም ላይ የጄኔራል ቡርሃን የመንግሥት ጦርና የተቀናቃኙ የሄሜቲ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ሲታኮስ የሚገቡበት ጠፍቷቸው፣ እኔ ቄጠማዬን ጭንቅላቴ ላይ አስሬ የዶሮ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ዜናውን ስልኬ ላይ አየሁት፣ ምስኪን አልኩ፣ ሽንኩርቴን ቀጠልኩ። እውነቱን ለመናገር እስከ 2017 ጥቅምት ድረስ ከዛ በላይ አላሰብኩበትም።

ጥቅምት ላይ አንድ ጓደኛችን "ለሱዳን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል እንስጥ" ብላ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። 23 ሰው ተመዘገበ፣ እሳት የሆነ ግሩፕ፣ ስቲከሩ ብቻ ያሞቃል። የመጀመሪያው ቅዳሜ 11 ሰው መጣ፣ ከነሱ ሁለቱ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነስተው ሄዱ፣ በወሩ አራት ሆንን። አራቱ እስካሁን አለን። በጎ ፈቃደኛ መሆን ማለት ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ማለት ነው ብዬ ግሩፑ ላይ ብጽፍ ሦስት ሰው ሌፍት አለ፣ ይሁና።

ቱቶሪያል አልነው እንጂ መጀመሪያ ላይ የምናጠናክረው ትምህርት እራሱ አልነበረም፣ ምክንያቱም ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት አልገቡም። በወረቀት ቢሆን አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃ ላይ እንደ አገሩ ልጅ ይማራል ይላል። እኛ ይዘናቸው የሄድንበት ትምህርት ቤት ግን "መሸኛ አምጡ" አለን። መሸኛ! ከየት? ካርቱም ያለው ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ማን ቆሞ ማህተም ይምታ? ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፎርሙ ላይ "የመጣበት ትምህርት ቤት" የሚል ቦታ ስላለ ያንን ባዶ መተው ጨንቆት ነው። ብቻ ስንመላለስ ዓመቱ አለፈ፣ መሀል ላይም መንገድ የሚዘጋበት፣ ባጃጅ የሚቆምበት፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት ሳምንት ነበረና ያን ጊዜ ቱቶሪያሉም የለም።

ክፍላችን የአንደኛው ቤተሰብ ግቢ ያለች ሰርቪስ ናት። ጥቁር ቀለም የቀባነው ጣውላ፣ ጠመኔ፣ ሁለት አግዳሚ፣ አለቀ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ ትምህርት በምልክት ነው።

እንግዲህ ልጅቱ። የአምስቱ ቤት ልጆች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፣ ዝም ያለች፣ ደብተሯ ላይ ቁጥር የምትጽፈው ተጠንቅቃ ነው። ማን የት ክፍል እንደሚመጥን እንወቅ ብለን ፈተና ሰጠናቸው፣ 20 ጥያቄ፣ መደመር ማባዛት ምናምን። ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ ነው ያረምኩት። 7 ሲባዛ በ8፣ መልሷ "07"። ኤክስ። 5 ሲባዛ በ3፣ "10"። ኤክስ። 45 ሲደመር 5፣ አንዲት 0 እና አጠገቧ ነጥብ። ይሄ ደግሞ ምንድነው አልኩ፣ ኤክስ። የተገለበጠ 3 የሚመስልም ነበር፣ ትንንሽ ልጆች 3ን ገልብጠው ይጽፉ የለ፣ እሱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከ20 ሁለት አገኘች። አንጀቴ ተላወሰ፣ ጦርነት እኮ የልጅ ጭንቅላት ይጎዳል ብዬ ለጓደኞቼ አስተዛዝኜ አስረዳሁና ከ8 ዓመት ወንድሟ ጋር ታናናሾቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። ቃል አልተናገረችም። ሦስት ቅዳሜ እዛ ተቀምጣ 2 ሲደመር 3 ስትሰራ፣ እኔ ደግሞ መልሷ ላይ ኤክስ ሳደርግ።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቷ ቡና ይዛ ገባች። ጀበና እነሱም ጀበና ነው የሚሉት፣ ቡናው ውስጥ ግን ዝንጅብል አለ፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባል በኋላ ግን ያለሱ አልጠጣም ያሰኛል። ስኒውን አስቀምጣ የልጇን ደብተር አነሳች፣ ገለጠች፣ ቀዩን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። ከዛ እርሳስ ጠየቀችኝና በሰባራ አማርኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀች ዐሥር ምልክት በመስመር ጻፈች፣ ከስሩ የኛን ቁጥር። ክቡ አምስት ነው። ነጥቧ ዜሮ ናት። የኛን 7 የሚመስለው ስድስት ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተው ሰባት፣ ወደ ታች የተደፋው ስምንት። የተገለበጠ 3 ያልኩት አራት።

"07" ማለት 56 ነበር። "10" ማለት 15። 0 እና ነጥቡ ደግሞ 50።

እዛው ቁጭ ብዬ እንደገና አረምኩት። ከ20 ዐሥራ ዘጠኝ። የኛን ቁጥር ማንበቡን አሳምራ ታነባለች፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተምራዋለች፣ እጇ ግን የሚጽፈው የለመደውን ነው። (ደግሞ ጉዱን ስሙ፣ ዓለም "የአረብ ቁጥር" የሚለው የኛኑን 1 2 3 ነው፣ አረቦቹ ደግሞ የራሳቸውን "የህንድ ቁጥር" ይሉታል።) ሁለት ያገኘችውም ለካ መልሱ 1 እና 11 የነበረበት ቦታ ነው፣ ባለ አንድ ዘንጉ እኛም ጋ አንድ ስለሆነ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ኡስታዛ ነሻ" አለች። አስተማሪ ነሽ ማለቷ ነው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ያቺ መልስ አሁንም ትከነክነኛለች።

ከዛ በኋላ ሂሳብ ማስተማሩን ለእናትየው ለቀቅኩ። እሷ ጣውላው ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ትጽፋለች፣ እኔ አማርኛውን እጨምራለሁ፣ መድረሳ የተማረ የሰፈራችን ልጅም መጥቶ ማስተርጎም ጀመረ (ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ አይደርስም ነበር)። እናቶቹም በዛው አማርኛ እንማር አሉና ከልጆቹ ቀጥሎ ይቀመጣሉ፣ የጠየቁን የመጀመሪያ ቃል "ቀንሽልኝ" ነው፣ ገበያ ላይ ቲማቲም ሻጯ እንዴት እንደምትጫወትባቸው ብትሰሙ።

ግቢው ውስጥ የአከራይዋ አጎት አሉ፣ የኔታ፣ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሀይ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡናል። አንድ ቀን ልጅቱ ፊደል ገበታው ፊት ቆማ "ኡስታዛ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ለምን ሦስት ሆነ?" አለችኝ። ያው ናቸው፣ ድምፃቸው አንድ ነው አልኳት። "አንድ ከሆነ ለምን ሦስት?" እኔም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ እንግዲህ፣ ምን ልበል።

የኔታ ከውጭ ሆነው "አንች፣ ልጂቱን አታሳስቻት!" አሉኝ። "በግዕዙ ለየቅል ነበሩ፣ አንደኛው ከደረት፣ አንደኛው ከጉሮሮ፣ አንደኛው ከላንቃ። እኛ ነን አንድ ያደረግናቸው።" ከዛ ልጅቱን ጠሩና "ባገርሽ አምስት ምን ይባላል?" አሏት።

"ኸምሳ።"

"አየሽ! ኀምስቱ። በብዙኃኑ ኀ።" ጭራቸውን ጣሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ እሳቸው አሐዱ ሲሉ እሷ ዋሒድ፣ ክልኤቱ ላይ አልተገናኙም፣ ሠለስቱ ተላታ፣ አርባዕቱ አርበዓ፣ ሰብዐቱ ሰብዓ፣ እየፈጠኑ ሄደው ዐሠርቱ ላይ ሁለቱም ሳቁ። ሦስቱን ሀ አንድ በአንድ አስጠሯት፣ ሦስቱንም ለይታ አለቻቸው፣ ያለምንም ጭንቀት፣ እሷማ ዕድሜ ልኳን ስትላቸው የኖረች ናት። የኔታ ዝም አሉ። ቅኔ ቤት ሲነገራቸው ኖሮ በጆሯቸው ግን ሰምተውት የማያውቁትን የሰሙ መሰለኝ። እኔም ለማካካስ ብዬ የቁጥሩን ታሪክ ነገርኳቸው፣ አምስትን ዜሮ ብዬ አረምኩባት አልኳቸው። መሬቱ ላይ በዱላቸው ፭ን ጻፉና "በኛ ቁጥር ዜሮ የለም፣ ምንም ከሌለ ምን ይጻፋል?" ብለው ሳቁብኝ።

መጋቢት 2017 ላይ የሱዳን ጦር ካርቱምን ከፈጥኖ ደራሹ ሲያስለቅቅ ሁለት ቤተሰብ "እንግባ" ብለው ተነሱ፣ ሄዱ። አንደኛው መድረሳቸውን ደውለውልናል፣ ቤቱ አለ፣ በርና መስኮቱ ግን የለም ብለው። የልጅቱ ቤተሰብ እዚሁ ነው፣ አባታቸው ቆዩ ስላላቸው። መስከረም 2018 ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ያለ መሸኛ ፈትኖ ተቀበላት፣ ፈተናውን ግን ሳትገባ በፊት በየትኛው ቁጥር እንደምትጽፍ ሦስቴ አስጠንቅቄያታለሁ፣ እሷም "ኡስታዛ፣ አውቃለሁ" ብላ ሰልችታኛለች።

ባለፈው ሳምንት የሰርቪሷ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ጻፍኩ፣ "ቅዳሜ 3 ሰዓት ሂሳብ፣ 4 ሰዓት ተኩል አማርኛ"። ልጅቱ ቆማ አነበበችው። በነሱም ሂሳብ ሂሳብ ነው የሚባለው፣ ከጉሮሮ ነው እንጂ። ማርከሬን ከእጄ ወሰደችና ሂዋን ሰርዛ ከላይዋ ሒ ጻፈችበት። "ሐመሩ ሐ ነው" አለችኝ፣ "የኔታ ነግረውኛል።" በቀይ ማርከር ነው ደግሞ።

እዚህም ላይ ከላይ ሂሳብ ያልኩት ሁሉ በሃሌታው ነው፣ አሁን አየሁት። አታሳዩብኝ።