ዊምብልደን ሄጄ ጫማዬን አወለቅሁ

ዊምብልደን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ቴኒስ ነው። እህቴም "ትኬት ከየት አገኘሽ?" ነበር ያለችኝ። እኔ ግን የሄድኩት የታይላንድ ቡድሂስቶችን ቤተ መቅደስ ለማየት ነው።

ከባቡር ጣቢያው 93 ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ፓርክሳይድ በሚባለው መንገድ ወርጄ ወደ ካሎን ሮድ ታጠፍኩ። የሀብታም ሰፈር ነው። አጥሩ የተከረከመ፣ መኪናው የታጠበ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ተሳሳትኩ እንዴ ብዬ ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። ወዲያው ከዛፎቹ መሃል ነጭ ግድግዳና ደረብ ደረብ ያለ ጣሪያ ብቅ አለ፤ ጫፎቹ እንደ ቀንድ ወደ ሰማይ ተጠምዝዘዋል።

ስሙ ቡድሃፓዲፓ ነው፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው የታይላንድ ቤተ መቅደስ። በ1966 ኢስት ሺን በሚባል ሌላ የለንደን ሰፈር የታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል መርቀው ከፈቱት፤ ወደዚህ የመጣው በ1976 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኩሬና ዛፍ ያለው ሰፊ ግቢ ነው። ለንደን ውስጥ መሆኔን ያስታወሰኝ የአውሮፕላን ድምፅ ብቻ ነበር።

በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። ሁለት ፈረንጆች ጎንበስ ብለው ከጫማ ክራቸው ጋር ሲታገሉ እኔ ጨርሼ ገባሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ "ቤተ ክርስቲያን ክር ያለው ጫማ አድርገሽ እንዳትመጪ" ትለኝ ነበር። ለዊምብልደን ይጠቅማታል ብላ አይመስለኝም። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱ ትዝ ያለኝ ግን ምንጣፉ ላይ ከቆምኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀና አልኩ። ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ በ1984 የተጀመሩ ናቸው። ሁለት ወጣት የታይላንድ ሠዓሊዎች፣ ቻለርምቻይ ኮሲትፒፓትና ፓንያ ዊጂንታናሳርን፣ ሌሎች ባልደረቦቻቸውን አስከትለው መጥተው ለዓመታት ያለ ክፍያ ሣሉት። ቻለርምቻይ ኋላ ታይላንድ ቺያንግ ራይ ያለውን ዝነኛውን ነጭ ቤተ መቅደስ የሠራው ሰውዬ ነው።

አንዱ ሥዕል ማራ የሚባለው ፈታኝ ሠራዊቱን አሰልፎ ቡድሃ ላይ ሲዘምት ያሳያል። ልማድ ሆኖብኝ የጭፍሮቹን ዓይን መቁጠር ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ይሣላል አይደል? ያ ሕግ እዚህ አይሠራም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ታይላንዳዊት እናት ግራ መጋባቴን አይተው ነው መሰል፣ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። "ታቸር" አሉኝ። እውነትም ማርጋሬት ታቸር፣ የዚያን ጊዜዋ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር! የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንም አለ። የሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ መሃል ዘው ብለው ገብተዋል። በሆዴ ሳቅኩ። ግን የእኛስ? ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው የለ? እሳቸው እንኳ ተደፍተዋል።

ምንጣፉ ላይ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥ ስል እኚያው እናት ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። የእግርን መርገጫ ወደ ቡድሃ ማዞር ነውር ነው። እግሬን ወደ ጎን አጠፍኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደነዘዘኝ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም።

ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ብርቱካን ገዝቼ ነበር። ሌላው ክፍል አንድ መነኩሴ አገኘሁና በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ክው አልኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው አንዲት ጨርቅ አወጡ፣ ፊታቸው አነጠፉ፣ ጫፏን ያዙ፣ "እዚህ ላይ" አሉኝ። ከሴት እጅ በቀጥታ አይቀበሉም ለካ። ብርቱካኑን ጨርቁ ላይ አኖርኩ፤ አንዱ ተንከባሎ ሊያመልጥ ሲል ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን፣ ሁለታችንም መለስን። መጨረሻ ላይ ራሱ ቆመ።

አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ስለነበር ወደ ምግብ ሊገቡ ነው። ቀትር ካለፈ እስከ ማግስቱ ጠዋት እህል አይቀምሱም። እኛ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምንቆይ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ከዘጠኝ በኋላ ትበላላችሁ?" አሉኝ፣ እንደ ማዘን ብለው። የሁለታችን ሕግ ቢደረብ የመብያ ሰዓት አይተርፍም።

ከዚያ ሜዳውን አቋርጬ ካኒዛሮ ፓርክ ሄድኩ። ጃንሆይ በ1936 በስደት ሲመጡ ሂልዳ ሴሊግማን የምትባል ቀራፂ እዚሁ ፓርክሳይድ ቤቷ ተቀብላ ምስላቸውን ሠርታ ነበር። ሐውልቱ ኋላ እዚህ ፓርክ ቆሞ ኖረ። በሰኔ 2020 ሰዎች ሰባበሩት። ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏልና እኔ አልጨምርም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"ጣዖት ቤት ገባሽ?"

"ለማየት ነው እማዬ።"

"ሰገድሽ?"

"አልሰገድኩም። ጫማዬን ግን አውልቄያለሁ።"

ዝም አለች። ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ካልሲሽ ደህና ነበር?"